አኮርዲዮኑ ምን አለ?

የአገራችን የጥንት ነገሥታት የሕዝባቸውን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ “እረኛ ምን አለ?” ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ሹሙ ይሸነግላል፣ ባለሟሉ ያለዝባል፣ እረኛ ግን ከብቱን እየነዳ የሚያንጎራጉረው የውስጡን ነው። አዝማሪም እንደዚያው ነው፤ በሰሙ እያሞገሰ በወርቁ ይወጋል። ስለዚህም ይመስለኛል እኛ ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቃሉ ነው። “ምን አለ?” እንላለን። ታዲያ ምንም ያላለ ዜማ ሲገጥመንስ? ቃል ሳይኖረው ደስታ ብቻ የሆነ ዜማ ሲመጣብን ምን ብለን እንጠይቀዋለን?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ አንድ ሸክላ ነው። በምኖርበት በጀርመን አገር እሑድ እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል፤ የጀርመን ምናለሽ ተራ ልበለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ እሑድ ከተሰባበሩ ሰዓቶችና ከዛጉ ማንኪያዎች መካከል አንድ የ1950ዎቹ ሸክላ አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ አንድ ደንዳና ሰው አኮርዲዮን ደረቱ ላይ አቅፎ ፈገግ ብሏል። ስሙ ቪል ግላሄ ይላል። ሻጩ ሽማግሌ ሸክላውን ማየቴን ሲያይ ፊቱ በራ። “ውሰደው፣ ሁለት ዩሮ። ይኼ ፖለቲካ የለበትም፣ ደስታ ብቻ ነው” አለኝ። ከፍዬ ወሰድኩት። ዜማውን ወደድኩት፣ እውነቱን ልናገር። ያቺ “ፖለቲካ የለበትም” የምትል ቃል ግን እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ስትቆረቁረኝ ቆየች። የዛሬው ጽሑፌም ያንን ጠጠር አውጥቼ ለማየት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግላሄ ማን ነበር?

ቪል ግላሄ በፌብሩዋሪ 1902 በኤልበርፌልድ ተወለደ። ኤልበርፌልድ ዛሬ የቩፐርታል ከተማ አካል ናት። በ1930ዎቹ በርሊን ውስጥ የራሱን የዳንስ ኦርኬስትራ አቋቁሞ ይመራ ነበር፤ ለኤሌክትሮላ የሸክላ ኩባንያም ብዙ ቀርጿል። የዘመኑን የጀርመን የዳንስ ባንድ መሪዎች የሚቆጥሩ ሰዎች ሦስት ስሞችን አብረው ይጠራሉ፤ ቴዲ ሽታውፈር፣ ሃይንትስ ቬነርና ቪል ግላሄ። የሦስቱን ዕጣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግላሄን ከሌሎቹ የለየው አኮርዲዮኑ ነው። አኮርዲዮን “አኮርዲዮን” በሚል ስም የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው በ1829 በቪየና ነው፤ አስመዝጋቢውም ሲሪል ዴሚያን የሚባል መሣሪያ ሠሪ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥና የሚታጠፍ ሆድ አለው። ነፋሱ በቀጫጭን የብረት ምላሶች ላይ ሲያልፍ ምላሶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፅ ይወጣል። ግላሄ የወደደው “ሙዜት” የሚባለውን ዓይነት ድምፅ ነው። በዚህ አቃኘት ለአንድ ኖታ ሁለት ወይም ሦስት ምላሶች አብረው ይጮኻሉ፤ ሆን ተብሎ ግን እርስ በርሳቸው በጥቂቱ እንዳይገጥሙ ተደርገው ይሞረዳሉ። ያች ትንሽ አለመግጠም ናት አኮርዲዮኑን የምታርገበግበው፣ እንባ ያዘለ ሳቅ የምታስመስለው። ሸክላዎቹ ላይ የሚታየው የባንዱ ስምም “የግላሄ ሙዜት ኦርኬስትራ” ነው። ሙዜት ደግሞ የፓሪስ የሠራተኛ ሰፈር የጭፈራ ቤት ስልት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ግላሄ የዓለም ሰው የሆነው በአንድ ዜማ ነው። ዜማው የእሱ አይደለም። ያሮሚር ቬይቮዳ የሚባል ቼክ በ1927 ያወጣው ፖልካ ነው። ቬይቮዳ የተወለደው ልክ እንደ ግላሄ በ1902 ነው፤ ፕራግ አጠገብ በምትገኝ ዝብራስላቭ በምትባል ከተማ፣ የአማቱ መሸታ ቤት ውስጥ ቢራ እየቀዳ ዜማ የሚደርስ ሰው ነበር። በ1934 ዜማው የቼክ ግጥም አገኘ፤ ርዕሱም ስለ ከሰረ ፍቅር የሚያዝን ነበር። ጀርመኖች “ሮዛሙንዴ” አሉት። አሜሪካኖች “የቢራ በርሜል ፖልካ” አሉት። የግላሄ ሸክላ አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካ በቪክተር ኩባንያ ስም ወጣ፤ ሳንቲም ሲጎርሱ ሸክላ የሚያዞሩት የቡና ቤት ማሽኖች ተቀባበሉት፤ በ1939 የአሜሪካ ተደማጭ ዘፈኖች ቁንጮ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የአንድሩስ እህትማማቾች በእንግሊዝኛ ዘፈኑት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በሁለቱም ወገን ያሉ ወታደሮች፣ እያንዳንዱ በየቋንቋው፣ ይህንኑ ዜማ ዘፈኑት።

አንድ ዜማ፣ ስንት እጅ

እስቲ ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስለ ንጹሕ ደምና ስለ ንጹሕ ባህል ሌት ተቀን በሚለፈፍባት በርሊን አንድ ጀርመናዊ የባንድ መሪ ቪየና የተሰየመ መሣሪያ ያነሳል፤ የፓሪስን ሙዜት ስም ለባንዱ ይሰጣል፤ የቼክ መሸታ ቤት ዜማ ይጫወታል። ያ ዜማ በእንግሊዝኛ ግጥም ሲገጠምለት ከገጣሚዎቹ አንዱ ሉ ብራውን ነው። ሉ ብራውን ኦዴሳ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር። በርሊን ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር እንኳ የሚታተምለት ሰው አልነበረም።

የዘመኑን መቁጠሪያም ተመልከቱ። የጀርመን ጦር ፕራግ የገባው በማርች 1939 ነው። የቬይቮዳ አገር ከካርታ በተፋቀበት በዚያው ዓመት የቬይቮዳ ዜማ በጀርመን ባንድ ተጫውቶ አሜሪካን ያስጨፍር ነበር። ወታደሩ የሰውየውን አገር ይወስዳል፣ ሸክላው የሰውየውን ዜማ ያደርሳል፤ ጨፋሪው ሁለቱንም አያውቅም። ሻጩ ሽማግሌ “ፖለቲካ የለበትም” ያለኝ ይህንን ነው። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን ከተቀረጹ ሸክላዎች ሁሉ የዚህን ያህል ፖለቲካ የተሸከመ ጥቂት ነው። ተሸካሚው ብቻ አላወቀም፤ ወይም ማወቅ አልፈለገም።

ሦስት የባንድ መሪዎች

በ1933 መጨረሻ በጎብልስ ሥር የራይሽ የሙዚቃ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ትልቁ የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ሽትራውስ ነበር። የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው በሙዚቃ እንጀራ መብላት አይችልም። አይሁዳዊ ደግሞ አባል መሆን አይችልም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ብዙ ጩኸትም አላስፈለገውም። አንድ ቀን ቫዮሊን የሚጫወተው ሰው ይቀራል፤ በማግሥቱ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ባንዱ ይቀጥላል። “ኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ” የተባሉት ዝነኛ የድምፅ ቡድን ግማሾቹ አይሁዳውያን ስለነበሩ በ1935 ተበተኑ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጃዝ ከጀርመን ሬዲዮ ታገደ።

ሦስቱ የባንድ መሪዎች በዚህ አገር ውስጥ ነው የሠሩት። ሽታውፈር የስዊስ ዜጋ ነበር፤ በ1936 የኦሊምፒክ በጋ በርሊን ውስጥ ስዊንግ ያስጨፍር ነበር፤ በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አገሩ ወጣ፤ ኋላም ሜክሲኮ ገብቶ አካፑልኮ ውስጥ እርጅናውን ኖረ። ቬነር ለወታደሮች እንዲጫወት ወደ ኦስሎ ተላከ፤ በ1945፣ በጦርነቱ ማብቂያ፣ የገባበት ሳይታወቅ ጠፋ። ግላሄ አልወጣም፣ አልጠፋም። ቀጠለ። ከጦርነቱ በፊት ታዋቂ ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ታዋቂ ነበር፣ ከጦርነቱም በኋላ ታዋቂ ሆነ። “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” እንደሚባለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰውየው ልብ እየፈረድኩ አይደለም። ልብን የሚመረምረው ሌላ ነው። የምለው ስለ ሥራው ነው። ጎብልስ ሕዝብን ከሰልፍ ማርሽ ይልቅ በቀላል ሙዚቃ መያዝ እንደሚቻል ገብቶት ነበር። ጦርነቱ እየከፋ በሄደ ቁጥር የጀርመን ሬዲዮ ቀልድና ዜማ በዛበት። ደክሞት ከፋብሪካ የሚመለስ ሰው ንግግር አይሰማም፤ ዜማ ሲሰማ ግን “ኧረ ሁሉ ነገር ደህና ነው” ይላል። ይህን “ሁሉ ነገር ደህና ነው” የሚያመርት ሙዚቀኛ ሃይል ሂትለር ማለት አይጠበቅበትም። እንዲያውም ባይል ይሻላል፤ ዜማው የሚሠራው ምንም ስለማይል ነው።

በሩ ላይ የሚጫወተው ባንድ

ፕሪሞ ሌቪ የቱሪን ሰው፣ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበር። በ1944 መጀመሪያ ወደ አውሽቪትስ ተወሰደ፤ ሞኖቪትስ በሚባለው የጉልበት ሥራ ካምፕ ገባ። በ1947 ባሳተመው የካምፕ ማስታወሻው ውስጥ ስለ ካምፑ ባንድ ጽፏል። እስረኞች ወደ ሥራ ሲወጡና ሲገቡ ከበሩ አጠገብ ባንድ ይጫወታል። ተጫዋቾቹም እስረኞች ናቸው። ሌቪ እንደገባ ከሰማቸው ዜማዎች አንዱ “ሮዛሙንዳ” ነበር። የዜማው ተራነት፣ የሚያውቁት የመሸታ ቤት ዜማ መሆኑ፣ በመጀመሪያው ቅጽበት አዲሶቹን እስረኞች ፈገግ እስኪያደርጋቸው ድረስ እንግዳ ነበር። ኋላ ግን ከካምፑ ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚረሱት እነዚህን ዜማዎች እንደሚሆን ጽፏል፤ የመከራው ድምፅ እነሱ ነበሩና።

ግላሄን ለዚህ አልከስም። ቬይቮዳንም አልከስም። በሩ ላይ የቆሙትን እስረኛ ሙዚቀኞችማ እንዴት ብዬ! አንድ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ማለት አንችልም፤ “ደስ የሚል ዜማ ክፉ ነገር አያውቅም” ማለት አንችልም። ያው ዜማ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ሳቅ፣ አንዱ ቦታ ላይ ሠርግ ያደምቃል፣ ሌላው ቦታ ላይ ሰውን ወደ ሞት በእርምጃ ያስኬዳል። ዜማው አይለወጥም። የሚለወጠው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ከበርሊን የተወሰደ ሌላ ሙዚቀኛም አለ። ኮኮ ሹማን በ1924 በርሊን ተወለደ፤ እናቱ አይሁዳዊት ነበረች። ወጣት የስዊንግ ጊታሪስት ነበር፤ ከግላሄ ጋር አንድ ከተማ፣ አንድ ሙያ። በ1943 ወደ ቴሬዚንሽታት፣ ቀጥሎ ወደ አውሽቪትስ ተላከ፤ እዚያም ለጠባቂዎቹ ተጫወተ፤ መጫወቱም ሕይወቱን አተረፈለት። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሙያው ተመለሰ፤ ለዐሥርት ዓመታት ስላየው ነገር ሳይናገር ቆየ፤ በ2018 አረፈ። ራሱን ሲገልጽ ሙዚቃ የሚጫወት የካምፕ እስረኛ ሳይሆን ካምፕ ውስጥ ታስሮ የነበረ ሙዚቀኛ ነኝ ይል ነበር። የግላሄን ሸክላ ባዳመጥኩ ቁጥር ኮኮ ሹማን ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው። የበርሊን ዳንስ ሙዚቃ ሙሉ ታሪክ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው። ግማሹ ባንድ መድረክ ላይ፣ ግማሹ ባንድ በሩ ላይ።

ከጦርነቱ በኋላስ?

ግላሄ በ1957 ሌላ ተአምር ሠራ። “የሊሕተንሽታይን ፖልካ” የተባለው ሸክላው በአሜሪካ የቢልቦርድ ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 20 ተርታ ገባ። ኤልቪስ ፕሪስሊ አገሩን በሚያናውጥበት ዓመት፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና 12 ዓመት ሲሆነው፣ አሜሪካዊው በጀርመንኛ የሚዘፈን ፖልካ እየገዛ ቤቱ ወሰደ። በሙያ ዓይን ካየነው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግላሄ ጎበዝ ሙዚቀኛ ነበር። ምቱ አይዝልም፣ አኮርዲዮኑ ዜማውን እንደ ሕፃን እጅ ይዞ ይመራዋል፣ አላስፈላጊ ጌጥ አያበዛም፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሶ ይወርዳል። ፖልካ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሺህ ጊዜ ተጫውቶ እንዳዲስ ማስመሰል ግን ቀላል አይደለም።

ጉድለቱም እዚያው ውስጥ ነው። የ1930ዎቹን ግላሄና የ1950ዎቹን ግላሄ ጎን ለጎን ስሟቸው። የቀረጻው ጥራት ተሻሽሏል። ሌላው ሁሉ ያው ነው። በመካከሉ ከተሞች ነደዋል፣ ሚሊዮኖች ተገድለዋል፣ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ አኮርዲዮኑ ግን አንዲት ጠባሳ የለውም። አንዳንዱ ይህንን ጽናት ይለው ይሆናል። እኔ ግን አለመስማት እለዋለሁ። ሙዚቀኛ የሚኖረው በጆሮው ነው፤ በዙሪያው ይህ ሁሉ ሲጮኽ ድምፁ ያልተለወጠ ሙዚቀኛ ጆሮውን የት አድርጎ ነበር? ግላሄ ያረፈው በኖቬምበር 1989፣ የበርሊን ግንብ በተከፈተበት ወር ነው። ካይዘሩን፣ ቫይማርን፣ ናዚን፣ የተከፈለውን ጀርመን ሁሉ አልፏል። ሸክላዎቹ ውስጥ ግን ዘመን የለም። የተሸጡትም ዘመን ስለሌላቸው ይመስለኛል፤ ሕዝቡ መርሳት ይፈልግ ነበር፣ እሱ መርሻውን አቀረበ።

የእኛስ?

እዚህ ድረስ በሰው አገር ሰው ላይ ጣት ስቀስር ቆየሁ። ጣቱን ወደ ራሴ ሳላዞር ብጨርስ ግን ሐቀኛ አልሆንም።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች በየቤታችን የምናስቀምጣቸው ካሴቶችና ሸክላዎች አሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የተቀረጹት በደርግ ዘመን ነው። በሰዓት እላፊው ጊዜ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር፤ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል በሩ ተዘግቶ ይጨፈር ነበር። ውጪ ግን ቀይ ሽብር ነበር። ጠዋት ጨፋሪው ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያየውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛ ዛሬ ያንን ሙዚቃ በናፍቆት ስናዳምጥ ከዚያ ሻጭ ሽማግሌ በምን እንለያለን?

በአንድ ነገር የምንለይ ይመስለኛል፤ በሌላው ግን አንለይም። የምንለየው በዚህ ነው፦ ያኔ ግጥም ያለው ዘፈን ሳንሱር ሳያየው አይወጣም፤ ስለዚህ ቃል የሌለው ዜማ ለብዙ ሙዚቀኛ መጠጊያ ነበር። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ ዋሽንግተን የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ይዞ የአገር ቤት ዜማዎችን ቀረጸ። ታክሲ እየነዳ የኖረ ሙዚቀኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2013 ያ ካሴት እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው። ያም አኮርዲዮን ቃል የለውም። ወናፉ ሲለጠጥ ግን የጎደለ ነገር ይሰማል፤ አገር የጎደለበት ሰው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። የግላሄ አኮርዲዮን ምንም አልጎደለም ይላል። የኃይሉ አኮርዲዮን የጎደለውን ይቆጥራል። መሣሪያው አንድ፣ ቃል አልባነቱም አንድ ነው፤ አንዱ መሸፈኛ ሲሆን ሌላው መጠጊያ ሆነ።

የማንለየው ደግሞ በዚህ ነው፦ ስለ ሙዚቀኞቻችን ስንከራከር “ለማን ዘፈነ?” እንላለን። የማን መድረክ ላይ ወጣ፣ የማንን ግብዣ ተቀበለ እያልን አንዱን እናወግዛለን፣ አንዱን እናነግሣለን። ክርክሩ መጥፎ ነው አልልም። ጥያቄው ግን ያንሳል። ግላሄ ለማን ዘፈነ ብንል መልሱ “ለጨፋሪው” ነው፤ ነጻ ይወጣል። ትክክለኛው ጥያቄ “ሲጫወት ማን ጎድሎ ነበር?” የሚለው ይመስለኛል። የማን ወንበር ባዶ ነበር? ባዶነቱ በዜማው ውስጥ ይሰማል ወይስ አይሰማም? በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምንም ጥፋት ያልተገኘበት ሙዚቀኛ ሊቀልል ይችላል፤ ለገዥ እንዲጫወት የተገደደ ሙዚቀኛም ሊከብድ ይችላል። ኮኮ ሹማን ለጠባቂዎች ተጫውቷል። ማን ያወግዘዋል?

ሸክላውን አልጣልኩትም። ልጄ ትወደዋለች፤ ሳሎን ውስጥ እየተሽከረከረች ትጨፍርበታለች፤ እኔም አብሬያት እዞራለሁ። ደስታ ኃጢአት አይደለም። ባለፈው ጊዜ ግን አባቱ ሽፋኑን አንስታ “አባዬ፣ ይኼ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለው?” አለችኝ። ዘፈን ሁሉ ቃል ያለው ይመስላታል፤ የእናቷ አገር ልጅ ናት። “ምንም አይልም የኔ ቆንጆ” ብዬ ልመልስላት አልኩና ተውኩት። ስታድግ የቬይቮዳን መሸታ ቤት፣ የሉ ብራውንን ኦዴሳ፣ የኮኮ ሹማንን ጊታር፣ በሩ ላይ የቆመውን የሌቪን ባንድ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ብትጨፍርበትም ባትጨፍርበትም የራሷ ፈንታ ነው።

ቸር ይግጠመን።